ቋቱና ድንጋዩ

የገጠር መኪና መንገድ መሃሉ ላይ ጉብታ አለው። ጎማ ሲረግጠው የኖረው ግራና ቀኙ እየጎደጎደ ይሄዳል፤ ጎማ ያልነካው መሃሉ ደግሞ እንደ በሬ ሻኛ ከፍ ብሎ ይቀራል። ክረምት አፈሩን አጥቦ ይወስድና ከጉብታው ውስጥ ድንጋይ አግጥጦ ይወጣል። ሾፌሩ ድንጋዩን ያየዋል፤ መሪውን ጠምዘዝ ያደርጋል፤ አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። ከወለሉ በታች «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጆሮው የሠለጠነ ሾፌር የተመታው ምን እንደሆነ ከድምፁ ይለያል። ባሌስትራ ከሆነ ጉዞው ይቀጥላል። ማርሚታ ከሆነ መኪናው እየጮኸም ቢሆን ከተማ ይደርሳል። የሞተሩ የዘይት ቋት ከሆነ ግን ሞተሩን እዚያው አጥፍቶ መውረድ ነው።

ቋት የወፍጮ ቤት ቃል ነው፤ ዱቄቱ ከድንጋዩ ስር እየወረደ የሚጠራቀምበት። የሞተሩም ሥራ ከዚያ አይለይም። ዘይት በፒስተኖችና በሚሽከረከሩ ዘንጎች መካከል ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በራሱ ክብደት ይወርድና ከሞተሩ ግርጌ በተገጠመው ጎድጓዳ ብረት ውስጥ ይተኛል። ከዚያ ፖምፓው በወንፊት በኩል ስቦ መልሶ ወደ ላይ ይልከዋል። በኢትዮጵያ የገጠር መንገድ ላይ ዘወትር በሚታየው የላንድክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ውስጥ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ዘይት እንዲህ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል።

ቋቱ ሲቀደድ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ፖምፓው አየር መሳብ ይጀምራል፣ በዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ ብረት ብረትን ይበላል። ሳይቀደድ ተሰርጉዶ ብቻ ሲቀርም ጣጣው አይቀርም። ወደ ውስጥ የገባው ብረት የፖምፓውን መምጠጫ አፍ ይጠጋዋል፣ አንዳንዴም ይደፍነዋል። ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳትታይ ሞተሩ በውስጥ ይጠማል።

ጣሊያኖች ይህን ዕቃ «ኮፓ» ይሉታል፤ ጽዋ እንደ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጋራዥ ከጣሊያንኛ ብዙ ወርሷል፤ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ የዚያ ውርስ ናቸው። ኮፓም አብሮ መጥቷል፤ ግን ዛሬ ኮፓ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የጎማውን ክዳን ነው። ከውጭ የሚታየው፣ የሚያብረቀርቀውና ሌባ የሚነቅለው ዕቃ ስሙን ይዞ ቀረ። ከስር ያለውን ከመካኒክና ከድንጋይ በቀር ማንም አያየውም።

የዚህ የማይታይ ዕቃ ታሪክ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይዞራል፤ ድንጋዩ ሲመጣ ዱላውን ማን ይቀበል? ቋቱ ራሱ? ከፊቱ ያለው አክሰል? ወይስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሌላ ብረት? መቶ ዓመት ባለፈው የመኪና ዘመን መልሱ ደጋግሞ ተለዋውጧል።

ቢድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ መኪና ወደ አዲስ አበባ ባስገባበት በ1900 ዓ.ም. በመካከል የመኪና መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው የግመልና የበቅሎ ቅፍለት መሄጃ ነው። በቅሎ ድንጋይ ስታገኝ እግሯን አንስታ ታልፋለች፤ ስለዚህ ድንጋዩን ከመሃል መንገድ የሚያነሳው ሰው አልነበረም። የዚያ ዘመን መኪናዎችን ያዳናቸው እንደ ጋሪ የረዘመው ጎማቸው ነው። ቁመት የመጀመሪያው መከላከያ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ሆዱ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር። የአሜሪካ ገበሬ በጭቃና በእርሻ መሃል ሊነዳው የቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ቋቱ ከአንድ ስስ ላሜራ ተጨፍልቆ የወጣ ረጅም ገንዳ ሲሆን፣ ሞተሩንም ካምቢዮውንም ከስር ያቅፋል። የዘይት ፖምፓ የለውም፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እየረጩ ራሳቸውን ያለሰልሳሉ። መጠኑን የሚለካ ዘንግም የለውም። ባለቤቱ ከመኪናው ስር ተንበርክኮ ከቋቱ ኋላ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች ይከፍታል። ከላይኛው ዘይት ከፈሰሰ ሞልቷል፤ ከታችኛውም ምንም ካልመጣ መኪናው መነዳት የለበትም። ረጅም ዳገት ሲመጣ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሽና የፊተኛው ፒስተን ዘንግ ይደርቃል። የዳገት ሀገር ሾፌሮች ይህን የተማሩት ሞተር አቃጥለው ነው።

ዳገትና ዘንበል ያለ መሬት ዘይቱን እንደሚያሸሹ ከተረዱት መካከል የጂፕ ሠሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጦር ለ135 ፋብሪካዎች ጥሪ ሲያቀርብ፣ ባንታም የተባለው ትንሽ ኩባንያ የመጀመሪያውን ናሙና በ49 ቀን ሠርቶ አስረከበ። በኋላ ዊሊስና ፎርድ በጦርነቱ ዘመን ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ አመረቱ። የዊሊስ ሞተር የዘይት መምጠጫ አፍ በቋቱ ወለል ላይ የተጣበቀ አይደለም፤ እንደ ጀልባ በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። ዝቃጩ ከታች ሲቀር መምጠጫው ከላይ ንጹሑን ይወስዳል። ከካምቢዮው ስር ደግሞ ድንጋይና ጉቶ ላይ የሚንሸራተት ወፍራም ብረት ተገጠመ። ዱላ ለመቀበል ብቻ የተመደበ ብረት በፋብሪካ ደረጃ በብዛት ከታየባቸው ቀደምት መኪናዎች አንዱ ጂፕ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ በሌላ በር ገባ። የጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በከፍተኛ ወጪና በብዙ ሺህ ሠራተኞች ጉልበት አስፋልት ተዘረጋ። የጣርማ በር ዋሻና የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የዚያን ጊዜ ሥራዎች ናቸው። በነዚህ መንገዶች ላይ ይተሙ የነበሩት ፊያት 634ን የመሰሉ ትልልቅ የናፍጣ መኪናዎች ናቸው። የከባድ መኪና ሞተር ከፍ ብሎ በወፍራም ሻሲ መካከል ስለሚቀመጥ ቋቱ ለድንጋይ እምብዛም አይጋለጥም። ችግሩ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። አስፋልቱ ጥገና አጥቶ ሲላጥ፣ ከስሩ በእጅ ተደርድሮ የነበረው የመሠረት ድንጋይ ጥርሱን አሳየ። መሠረት ሊሆን የተቀበረው ድንጋይ ጠላት ሆኖ ወጣ።

በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዋና ዋና መንገዶች እየተጠገኑ ሄዱ። ይሁን እንጂ ወባ ማጥፊያው፣ አንበጣ መከላከያው፣ ካርታ አንሺውና ጤና ጥበቃው የሚሄዱት ከአውራ ጎዳናው ወጥተው ነው። ላንድሮቨር የሀገሬውን ልብ የያዘው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ዓውደ ርዕይ ሲቀርብ መነሻው ጂፕ ነበር። እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ይጠቀምበት የነበረውን የጦር ትርፍ ጂፕ አይቶ ነው ሐሳቡን ያመነጨው። የላንድሮቨር የፊት አክሰል ከጎማ እስከ ጎማ የተዘረጋ አንድ ወጥ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው የላንድክሩዘር 70ም እስካሁን እንደዚያ ነው። ይህ አክሰል ከሞተሩ ግርጌ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ከፊት የሚመጣው ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣም አክሰሉ አብሮ ይነሳል። በዚህ ዓይነት መኪና ቋቱ ከታላቅ ወንድሙ ኋላ እንደሚሄድ ልጅ ነው።

የቤት አውቶሞቢል ግን እንዲህ ያለ ወንድም የለውም። ለዚህ ነው የቋት ጋሻ ሙያ ከጂፕና ከላንድሮቨር ይልቅ በአውቶሞቢል ውድድር ያደገው። ትምህርት ቤቱም ከኢትዮጵያ ደቡብ ድንበር ማዶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ዘውድ ስትጭን፣ የኬንያ ነዋሪ እንግሊዞች በዓሉን በመኪና ውድድር ለማክበር ተነሱ። «ኮሮኔሽን ሳፋሪ» ተባለ፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ይዞራል። በወጉ የተሠራ የውድድር ሜዳ ላይ መዞር ሰልችቷቸው ስለነበር፣ መሮጫቸው ገበሬና ነጋዴ የሚሄዱበት የአፈርና የጭቃ መንገድ ሆነ። መኪናዎቹም ማንም ሰው ከመደብር የሚገዛቸው ዓይነት ነበሩ፤ ምድቡ ሳይቀር በዋጋቸው ነው የተከፈለው።

ቮልስዋገን ቢትል እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸነፈ። ሆዱ ልሙጥ ነው፤ ሞተሩም ከኋላ ነው። ለብቻው የተገጠመ የዘይት ቋትም የለውም፤ ሁለት ሊትር ተኩል ያህሉ ዘይት በሞተሩ አካል ውስጥ ይቀመጣል። ያም ጥቅም ብቻ አይደለም። ቋት ለብቻው ቢሆን ተፈትቶ ይቀየራል፤ የሞተሩ አካል ሲሰነጠቅ ግን ሞተሩ ራሱ ነው የሚወርደው። እንግሊዞቹ በ1959 ያወጡት ሚኒም ተመሳሳይ ጣጣ ነበረው። ካምቢዮው በዘይት ቋቱ ውስጥ ስለተቀመጠ አንድ ድንጋይ ሁለቱንም ይጎዳል። ስለዚህ ሚኒን ለራሊ ያዘጋጁ የነበሩ መካኒኮች የስር ጋሻ ያስሩለት ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1963ቱ ሳፋሪ በታሪክ የሚነሳው በጨረሱት ሰዎች ቁጥር ነው። ከተነሱት 84 መኪናዎች መድረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው፤ አንደኛ የወጣው ፔዦ 404 ነበር። በ1968ም እንዲሁ 7 ብቻ ጨረሱ። ጎርፍ የወሰደው፣ ጭቃ የያዘው፣ ባሌስትራው የተሰበረው፣ ዘይቱ የፈሰሰው ሁሉ በየመንገዱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሳፋሪ የሚመጣ የፋብሪካ ቡድን ከሞተሩ ጉልበት እኩል ስለ ሆዱ ማሰብ ግድ ሆነበት።

በኬሪቾ የተወለደው ጆጊንደር ሲንግ ይህን ከማንም በላይ የተረዳ ሰው ይመስላል። በመካኒክነት ያደገው ይህ ኬንያዊ ሲክ እ.ኤ.አ. በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ያሸነፈው ያገለገለ ቮልቮ ይዞ ነው። በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው። ሳፋሪን 22 ጊዜ ጀምሮ 19 ጊዜ ጨርሷል። ግማሹ ተወዳዳሪ መንገድ ላይ በሚቀርበት ውድድር ይህን ያህል ጊዜ መጨረስ የሚቻለው የትኛውን ድንጋይ በፍጥነት ማለፍ፣ ለየትኛው መቀዝቀዝ እንደሚገባ ለሚያውቅ ሰው ነው። ጋሻ ያለው መኪና ማለት ድንጋይ የማይሰማው መኪና እንዳልሆነ ከመካኒክ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጋሻው ምን መሆን እንዳለበት የታወቀው በእንዲህ ያለ ልምድ ነው። አንደኛ፣ መታሰር ያለበት ከሻሲው ጋር እንጂ ከሞተሩ ጋር አይደለም፤ ከሞተሩ ጋር ከታሰረ ዱላው በቀጥታ ወደ ሞተሩ መቀመጫዎች ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በጋሻውና በቋቱ መካከል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ብረት ሲመታ ይታጠፋል፤ የሚታጠፍበት ቦታ ካጣ ጋሻው ራሱ መቺ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት፤ መኪናው ድንጋዩን እንደ ማረሻ ሳይነክስ እንዲንሸራተትበት። የብሎኖቹ ራስም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ድንጋዩ ራሳቸውን ይልግና ጋሻው በሚፈለግበት ቀን አይፈታም።

ጥቅሙ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ጋሻ ቋቱን የሚያቀዘቅዘውን ነፋስ ይከለክላል። ጭቃ ሰብስቦ ይይዛል፤ ጭቃው ሲደርቅ መኪናው ክብደት ተሸክሞ ይዞራል። በደረቅ ሣር መሃል ሲነዳ ገለባ ከላዩ ይከማችና ከጋለው የጭስ ቧንቧ ጋር ሲገናኝ እሳት ይነሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምስጢር መደበቁ ነው። ዘይት ጠብ ሲል መሬት ላይ መውደቁ ቀርቶ ጋሻው ላይ ይተኛል፤ ባለቤቱ ጠዋት መኪናውን ካቆመበት ሲያነሳ መሬቱ ደረቅ ነው። የዘይት መለኪያውን መዘዝ አድርጎ ማየት ልማዱ ያልሆነ ሰው የሚያውቀው ቀዩ መብራት ሲበራ ነው።

የጥገናው ሙያም የራሱ ዘመናት አሉት። ቋት ከላሜራ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ድንጋይ ሲመታው ይሰረጎዳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ወርዶ በመዶሻ ይቃናል፣ ቀዳዳ ካለው ይበየዳል፣ ይመለሳል። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት የልብስ ሳሙና ነው። ደረቅ ሳሙና ተድቦልቡሎ በስንጥቁ ላይ በጣት ይጠቀጠቃል፤ ቤንዚንም ዘይትም አያሟሟውም። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል።

በኋላ ፋብሪካዎች ወደ ቀለጠ አሉሚኒየም ዞሩ። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ሙቀት ያወጣል፤ ድርቅ ያለ ስለሆነም የሞተሩን ድምፅና ንዝረት ያፍናል። ድንጋይ ሲያገኘው ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ብየዳውም ብረት እንደመበየድ አይደለም፤ ለዓመታት የጠጣው ዘይት በእሳቱ እየወጣ ስፌቱን ያበላሻል። ስለዚህ የብዙዎች ምርጫ ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚደርቅ የብረት ማጣበቂያ መለጠፍ ወይም ከነጭራሹ መቀየር ሆነ።

መቀየሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ዘይቱን ማፍሰስ፣ ብሎኖቹን መፍታት፣ አሮጌውን ማውረድ፣ አዲሱን መስቀል። ከመኪናው ስር የተኛው መካኒክ የሚያየው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጎማ በየራሱ የሚወርድበትና የሚነሳበት የፊት እግር ከመጣ ወዲህ ዲፈረንሻሉ ከሞተሩ ስር ተሰቅሎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ላንድክሩዘር 100 ለብዙ ጋራዥ ይህን ለውጥ በግልጽ ያሳየ መኪና ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ቋት ለማውረድ መጀመሪያ ሌላ ብዙ ዕቃ መንገድ መልቀቅ አለበት፤ የሁለት ሰዓት ሥራ የቀን ሥራ ይሆናል።

ማሸጊያውም ተለውጧል። ድሮ የቡሽ ጋስኬት ነበር። ቡሽ ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅበት ይጨፈለቅና ያንጠባጥባል፤ ጠንካራ ክንድ ያለው ረዳት ብዙ ቡሽ አበላሽቷል። ዛሬ በአብዛኛው ከቱቦ የሚጨመቅ ሲሊኮን ነው፤ እሱም ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሁለቱ ብረቶች ፊት ዘይት የሚባል ነገር እስኪጠፋ ይጠረጋል፤ ሲሊኮኑ ቀጭን ሆኖ ሳይቋረጥ ይዞራል፤ ዘይት ከመሞላቱ በፊት እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጠዋል። «ይጠብቅ» ብሎ አብዝቶ የጨመረ ሰው ትርፉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ትርፉ ደርቆ ይረገፍና መጨረሻው የፖምፓው ወንፊት ላይ ነው፤ ድንጋዩ ያልደፈነውን መምጠጫ ጥገናው ይደፍነዋል።

ከፋብሪካዎቹ መልሶች ብልሃት የሚታይበት ቶዮታን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በብዙ ሞተሮቻቸው ላይ የተጠቀሙበት ባለ ሁለት ክፍል ቋት ነው። የላይኛው ክፍል አሉሚኒየም ሆኖ ሞተሩን አጥብቆ ይይዛል። ዘይቱ የሚተኛበት የታችኛው ክፍል ደግሞ ትንሽ የላሜራ ሳህን ነው። ዱላው ሲመጣ የሚሰረጎደው፣ ርካሹና በቀላሉ የሚፈታው እሱ ነው። አሮጌው ላሜራ ከአሉሚኒየሙ ስር ተመልሶ ሥራ አገኘ።

አሁን ደግሞ ቋት የሌላቸው መኪናዎች መጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የሞተር ዘይት የለውም። ከወለሉ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተነጠፈው ባትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሁለት የቴስላ ሞዴል ኤስ መኪናዎች መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ከስር ወግቷቸው በእሳት ከተያያዙ በኋላ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ለባትሪው ከፊት ሦስት መከላከያዎች ጨመረ፤ አንድ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ አንድ የታይታኒየም ሰሌዳ፣ አንድ ዱላውን የሚውጥ የአሉሚኒየም ብረት።

ከስሩ ባትሪ የተነጠፈበት መኪና ይዞ ወደ ኮረኮንች የሚወጣ ሾፌር «ቋ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ወርዶ የሚፈልገው ዘይት አይደለም። የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ በሳሙና የሚደፈን ቀዳዳም የለም። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ የእጅ መብራት ይዞ ከስር ይገባና በባትሪው ሽፋን ላይ የጭረቱን ርዝመት በጣቱ ይለካል።